አጫጭሮቹ ቃላት ናቸው የሚጥሉን

የዛሬው ረዘም ያለ ስለሆነ ሻይ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። ስለ እንግሊዝኛ ነው። ግን ስለ ሰዋስው አይደለም፤ ስለ ረጃጅሞቹ አስፈሪ ቃላትም አይደለም። ስለ ትንንሾቹ ነው፤ ሦስት፣ አራት፣ ቢበዛ ስድስት ፊደል ስላላቸውና ክፍል ውስጥ ስጽፋቸው «ቲቸር፣ ይሄንማ እናውቀዋለን!» ስለምትሉኝ ቃላት።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገርና ከዚያ ላስረዳ። ልጆቻችን ፈተና ላይ የሚወድቁት በማያውቁት ቃል ብቻ አይደለም። እናውቀዋለን ብለው ባለፉት ቃልም ይወድቃሉ። ይሄኛው ደግሞ የባሰ ነው። የማያውቁትን ቃል ይጠይቃሉ፣ መዝገበ ቃላት ይገልጣሉ፣ ስልክ ላይ ይፈልጋሉ። «አውቀዋለሁ» ያሉትን ግን ማን ይገልጣል?

በምሳሌ እንሂድ። ከእንግሊዝኛው ፊደል አንዱን ብቻ፣ «ኤም»ን እንያዝ። በሷ የሚጀምሩ አጫጭር ቃላት 9ኛ ክፍል ስትገቡ ከየአቅጣጫው ነው የሚመጡባችሁ።

መጀመሪያ «ሚን»። ከታች ክፍል ጀምሮ ሁላችንም የምናውቃት «ማለት» በሚለው ትርጉሟ ነው። «ዋት ደዝ ኢት ሚን?» ምን ማለት ነው? ጥሩ። የሂሳብ መምህሩ ግን ገብቶ «ፋይንድ ዘ ሚን» ሲል «ትርጉሙን ፈልጉ» ማለቱ አይደለም፤ አማካዩን ፈልጉ ማለቱ ነው። አምስት ልጆች ዕድሜያቸው 14፣ 15፣ 15፣ 16 እና 20 ቢሆን ድምሩ 80 ነው፤ ለ5 ሲካፈል ሚኑ 16 ይሆናል። የእንግሊዝኛ ምንባብ ውስጥ ደግሞ «ኤ ሚን ማን» የሚል ይመጣል፤ ክፉ ወይም ቆንቋና ሰው ማለት ነው። መጨረሻዋ ላይ «ኤስ» ስትጨመር ደግሞ ዘዴ፣ መንገድ ትሆናለች፤ «ሚንስ ኦፍ ትራንስፖርት» መጓጓዣ ነው። «ባይ ኖ ሚንስ» ደግሞ በጭራሽ! አንዲት አራት ፊደል ያላት ቃል ናት ይሄን ሁሉ የምትሠራው።

«ማተር»ን ውሰዱ። ኬሚስትሪ ላይ ቁስ አካል ነው፤ ቦታ የሚይዝና መጠነ ቁስ ያለው ነገር ሁሉ። ከኬሚስትሪው ክፍለ ጊዜ ወጥታችሁ ጓደኛችሁ «ዋትስ ዘ ማተር?» ቢላችሁ ስለ ጠጣርና ፈሳሽ እየጠየቃችሁ አይደለም፤ «ምን ሆንክ?» ነው የሚላችሁ። «ኢት ደዝንት ማተር» ግድ የለም ነው። «ኖ ማተር ሀው» ደግሞ «ምንም ያህል ቢሆን» ነው።

«ማስ»ም አለች። ፊዚክስ ላይ መጠነ ቁስ ናት። ገበያ ላይ ክብደት ብለን በኪሎ የምንለካው ነገር ፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ማስ ነው፤ ክብደቱ በኒውተን ነው የሚለካው። ያው ቃል «ማስ ሚዲያ» ሲል ብዙኃን ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ስታገኙት ደግሞ ቅዳሴ ነው።

«ሞል»ማ ዝም ብላችሁ ተዉት። ኬሚስትሪ ላይ 6.022 × 10²³ ቅንጣቶችን በአንድ ቃል የምንቆጥርበት መለኪያ ነው። የሰውነት ላይ ጥቁር ነጥብም ሞል ነው፤ እኛ ማርያም የሳመችው የምንለው። አፈር ቆፍሮ ከመሬት በታች የሚኖረው እንስሳም ሞል ነው፤ የእኛ ደጋ ገበሬ ማሳው ላይ አፈር ቆልሎበት የሚሄደው ፍልፈል እንኳ በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ ይቺው ቃል አለችበት።

እስካሁን ያልኳችሁ ስሞችና ግሦች ናቸው፤ ሰው ልብ ካለ ይለያቸዋል። ከባዶቹ ግን ማንም ቃል ብሎ የማይቆጥራቸው ናቸው። «ሜይ» እና «መስት»።

ሜይ የወር ስም ነው፤ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት መጨረሻ ግድም ያለው። ሜይ ፈቃድ ነው፤ «ሜይ አይ ካም ኢን?» እያላችሁ በር ላይ የምትቆሙበት። ሜይ ደግሞ «ሊሆን ይችላል» ነው። መስትን በ«ግዴታ» ብቻ ነው የምትይዙት። እንግዲህ ፈተና ላይ እንዲህ የሚል መጣ እንበል፦ ኤክስ ከ5 የሚበልጥ ቁጥር ነው፤ ከሚከተሉት «ሜይ ቢ ትሩ» የሆነው የትኛው ነው? «ኤክስ እኩል 7» የሚለው መልስ ትክክል ነው፤ ሊሆን ይችላልና። ጥያቄው «መስት ቢ ትሩ» ቢል ግን ያው መልስ ስሕተት ይሆናል፤ ኤክስ 7 የመሆን ግዴታ የለበትም፣ 6ም 100ም ሊሆን ይችላል። «ኤክስ ከ3 ይበልጣል» የሚለው ግን የግድ እውነት ነው። አያችሁ? ሂሳቡን አሳምሮ የሚችል ልጅ በአንዲት ባለ ሦስት ፊደል ቃል ዜሮ ያገኛል። ውጤቱን ሲያይም «ሂሳብ አልችልም» ነው የሚለው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

«ሞስት»ም እንደዚያው ነች። «በጣም ብዙ፣ አብዛኛው» ብላችሁ ይዛችኋታል። የፕሮባቢሊቲ ጥያቄ «አት ሞስት 3» ሲል ግን «ቢበዛ 3» ማለቱ ነው፤ 0፣ 1፣ 2 እና 3 ማለት ነው። ብዛት ብላ የያዘችው ተማሪ ከ3 በላይ ያሉትን ትቆጥራለች። ስሌቷ አንድም ስሕተት የለበትም፤ መልሷ ግን ፍጹም ተቃራኒ ይሆናል።

ለፈገግታ ያህል «ሚስ»ንም ልጨምር። «አይ ሚስ ዩ» ስልክ ላይ ስለሚጻፍ ሁሉም ሰው ያውቃታል፤ ናፍቆት ናት። ስለዚህ «ሂ ሚስድ ዘ ባስ» የሚለው «ባሱን ናፈቀው» ተብሎ ይተረጎማል! ከመካነ ሰላም በአቀስታ አድርጎ ደሴ የሚሄድ ባስ ያመለጠው ሰው ባሱን መናፈቁ ባይቀርም፣ ቃሉ ግን «አመለጠው» ነው።

ለምን ይሆን አጫጭሮቹ ይሄን ሁሉ ሸክም የተሸከሙት? አሜሪካዊው ጆርጅ ዚፍ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጻፋቸው ሥራዎቹ ያሳየው ነገር አለ። ሰው አዘውትሮ የሚናገራቸው ቃላት አጫጭር ይሆናሉ፤ አዘውትሮ የሚናገራቸው ቃላት ብዙ ትርጉምም ይሸከማሉ። በእኛ ቋንቋ ልንገራችሁ። ጋቢን አስቡ። ልብስ ነው፤ ማታ ብርድ ልብስ ነው፤ ሲታጠፍ ትራስ ነው፤ መንገድ ላይ ዕቃ መቋጠሪያ ነው። የሰርግ ሱፍ ግን ለሰርግ ብቻ ነው። «ፎቶሲንተሲስ» የሰርግ ሱፍ ነው፤ ረጅም ነው፣ ያስፈራል፣ ግን የትም ብታገኙት ያው አንድ ነገር ነው። አንዴ ካጠናችሁት አይከዳችሁም። ሚን፣ ሜክ፣ ሴት፣ ጌት፣ ጎ ጋቢዎች ናቸው።

የኦክስፎርድ ትልቁ መዝገበ ቃላት በ1989 (እ.ኤ.አ.) ሁለተኛ እትሙ ሲወጣ ረጅሙን ቦታ የያዘችው ባለ ሦስት ፊደሏ «ሴት» ነበረች። ወደ 430 ትርጉሞች ተቆጠሩላት። ሂሳብ መምህሩ «ስብስብ» ብሎ የሚያስተምራችሁ ከ430ው አንዱን ነው። ይሄን የምነግራችሁ ለማስፈራራት አይደለም። 430ውን ማንም አይችላቸውም፣ እንግሊዞቹም ጭምር። የምለው ሌላ ነው፦ «ሴት ማለት እንዲህ ነው» ብሎ አንድ ቃል ጽፎ መዝጋት አይቻልም።

እኛ ግን የምናደርገው ያንን ነው። ደብተሩን መሐል ላይ በመስመር መክፈል፤ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ። ሚን ማለት፣ ሜክ መሥራት፣ ሚት መገናኘት። ሃያ ቃል በሳምንት፤ ዓርብ ፈተና። ልጁ ሃያ ከሃያ ያገኛል፤ ቤተሰብም ይደሰታል። ከዚያ 9ኛ ክፍል ይገባና «ሚት ዘ ሪኳየርመንት» የሚል ያገኛል። «መስፈርቱን መገናኘት»? ማሟላት ነው እንጂ! ከወግዲ፣ ከከለላ፣ ከሳይንት፣ ከደብረ ሲና ገጠር ቀበሌዎች ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ ቋጥረው የሚማሩ ልጆችን አስተምሬያለሁ። ደብተራቸውን ስታዩ በዚህ መስመር የተከፈለ ገጽ የተሞላ ነው። ድካማቸው ያሳዝናል። የጎደለው ትጋት አይደለም፤ ትጋቱ የሚፈስበት ቦይ ነው።

ነገሩ ከባድ የሚሆነው ደግሞ ከሥርዓቱ አወቃቀር ጋር ስታዩት ነው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ግን የሁሉም ትምህርት ማስተማሪያ ይሆናል። ማለትም እንግሊዝኛ ያልገባው ልጅ የሚወድቀው እንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም፣ ኢኮኖሚክሱም በዚያው በር ነው የሚገቡት። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፤ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ይሄ ሁሉ በእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው እያልኩ አይደለም። ጦርነት አለ፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት አለ፣ መጽሐፍ የለም፣ መምህሩም ኑሮ አድክሞታል። ግን ከነዚህ ሁሉ መሐል እኛ መምህራን ነገ ጠዋት ክፍል ገብተን፣ ያለ በጀትና ያለ ስብሰባ ልንነካው የምንችለው ይሄ አንዱ ነው።

«ታዲያ ለምን በአማርኛ አይማሩም?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ሌላ ቀን በሰፊው እንነጋገርበታለን። ዘንድሮ ፈተና የሚቀመጠው ልጅ ግን ያ ክርክር እስኪያልቅ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

ሌላው የምሰማው «የእንግሊዝኛ መምህሩ ሥራ ነው» የሚል ነው። እንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ ድርሻዬን አልሸሽም። ግን «ሚን»ን አማካይ ብሎ፣ «ሞል»ን መለኪያ ብሎ የሚጠቀመው ማን ነው? ሂሳብና ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ የምትኖረው ቃል ሂሳብና ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ነው መማር ያለባት።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። አንድ ቃል ብዙ ትርጉም ይኖረዋል የሚለው ሐሳብ ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? ለወሎ ሰው! አማርኛችንን ራሱን ተመልከቱ። «ቆረጠ» በሉ። እንጨት ቆረጠ፣ መናኸሪያ ሄዶ ትኬት ቆረጠ፣ ለሰርጉ ቀን ቆረጠ፣ ተስፋ ቆረጠ፣ ሆዱን ቆረጠው፣ ለመሄድ ቆረጠ። «መታ» በሉ። ከበሮ መታ፣ ኳስ መታ፣ እህሉን በረዶ መታው፣ ልጁን ብርድ መታው፣ ሥራው ግቡን መታ። አንዳችንም ይሄን በደብተር አላጠናንም። በአረፍተ ነገር ውስጥ ስንሰማው ነው ያደግነው። «በረዶ መታው» ሲባል በረዶው ዱላ የያዘ የሚመስለው ሰው የለም።

«መስት»ም ቢሆን ባዕድ አይደለችም። «ትምህርት ቤት መሄድ አለበት» ስንል ግዴታ ነው። «ዛሬ አልመጣም፤ ታሞ መሆን አለበት» ስንል ግን ልጁ የመታመም ግዴታ አለበት ማለታችን አይደለም፤ መገመታችን ነው። «አለበት» ልክ እንደ «መስት» ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። «ሜክ»ን ደግሞ «ሠራ» ብላችሁ ከያዛችሁ «ሂ ሜድ ሂም ክራይ» «ማልቀስ ሠራው» ይሆንባችኋል። አማርኛ ለዚህ ሌላ ቃል አያስፈልገውም፤ «አስለቀሰው» ብላ በ«አስ» ትጨርሰዋለች። ይሄን አንዴ ያሳየኋቸው ተማሪዎች ሜክን ደግመው አልረሷትም።

ከዚህም በላይ የተማሪ ቤት ወግ አለን። የመጻሕፍት መምህሩ ንባቡን ያነብና ይተረጉማል፤ ከዚያ «አንድም» ይላል። ሌላ ትርጉም ይሰጣል። ደግሞ «አንድም» ይላል። ትርጓሜው በሙሉ አንድምታ ተብሎ የተጠራው በዚችው ቃል ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይፈልግ አያልፍም፤ ከታወቁት የቅኔ ቤቶች አንዱ ዋድላ እዚሁ ወሎ ነው። በመስጊድ በኩልም እንደዚያው ነው፤ ደረሳው ናህው ተምሮ ተፍሲር ሲቀመጥ ሸሁ አንዱን የዐረብኛ ቃል ከፊቱና ከኋላው ካለው ጋር እያገናዘቡ ነው የሚፈቱለት። ሁለቱም ቤቶች የሚያስተምሩት አንድ ቁም ነገር ነው፦ ቃል ብቻውን አይፈታም፤ ከጎረቤቱ ጋር ነው የሚፈታ። ይሄን ዕውቀት ይዘን ዘመናዊው ክፍል ስንገባ ደጅ ላይ አውልቀነው እንገባለን። «ሚን ማለት፤ ጨርሻለሁ።» የት ሄደ «አንድም»?

ደግሞ ይሄ የእኛ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ማይክል ዌስት ቤንጋል ውስጥ ሲያስተምር ከቆየ በኋላ በ1953 (እ.ኤ.አ.) ወደ 2000 የሚጠጉ መሠረታዊ የእንግሊዝኛ ቃላትን ዝርዝር አሳተመ። ዝርዝሩ ቃሉን ብቻ አልነበረም የሚያሳየው፤ ከቃሉ ትርጉሞች የትኛው ምን ያህል እንደሚዘወተር ጭምር ነው። አማርኛን በሚገባ የሚያውቀው ቮልፍ ሌስላውም በ1973 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን ለብቻው አይተውም፤ በአረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ ነው የሚተረጉመው። መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ እንደልብ አይገኝም። ዘዴው ግን በአንድ ደብተርና በአንድ እስክሪብቶ ይሠራል።

ስለዚህ የምለው ይሄ ነው።

አንደኛ፣ ተማሪዎች ሆይ፣ በመስመር የተከፈለውን ደብተር ተዉት። ለአንድ አጭር ቃል አንድ ገጽ ስጡ። በቃሏ ፊት የአማርኛ ቃል አትጻፉ፤ አረፍተ ነገር ጻፉ። ከሂሳብ መጽሐፍ ያገኛችሁትን፣ ከባዮሎጂ ያገኛችሁትን፣ ከምንባብ ያገኛችሁትን። በየመሐሉ «አንድም» ብላችሁ ቀጥሉ። በሳምንት ሃያ ቃል አያስፈልግም፤ ሦስት ይበቃል። በዓመቱ መጨረሻ መቶ ገደማ ቃል ይኖራችኋል፤ ግን በሄዱበት ሁሉ የምታውቋቸው መቶ ቃላት።

ሁለተኛ፣ ስልክ ያላችሁ አንዲት ቃል ብቻ አስገብታችሁ አትፈልጉ። አረፍተ ነገሩን ሙሉውን አስገቡ። ብቻዋን የገባች ቃል የምታመጣላችሁ ያንኑ የድሮ ትርጉም ነው።

ሦስተኛ፣ የሂሳብና የሳይንስ መምህራን ወዳጆቼ፣ ከክፍለ ጊዜያችሁ አምስት ደቂቃ ስጡኝ። አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፉና ከመሥራታችሁ በፊት ትንንሾቹን ቃላት አስምሩባቸው። «እዚህ ጋ ሜይ ነው ያለው ወይስ መስት? አት ሞስት ነው ወይስ አት ሊስት?» ብላችሁ ጠይቁ። አምስት ደቂቃው አይባክንም።

አራተኛ፣ ይሄ 9ኛ ክፍል ላይ መጀመር የለበትም። 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ፣ ዘሎ ከመሻገሩ በፊት፣ ልጁ ነገ የሚያገኛቸውን ቃላት ዛሬ በአረፍተ ነገር ይያቸው።

አምስተኛውና ለእኔ ትልቁ፦ አትሳቁ። ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ተነስታ «ቲቸር፣ እዚህ ላይ ሚን ምን ማለት ነው?» ስትል «10ኛ ክፍል ደርሳ ሚንን አታውቅም!» ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። ሳቁ ልጅቷን ብቻ አይደለም የሚጎዳት፤ አብረው ያልገባቸውን ሠላሳ ልጆች አፍ ይዘጋል። የጠየቀችው ልጅ ከሳቁት ይልቅ እንግሊዝኛ ገብቷታል። ቃሏ ከዚህ ቀደም ካወቀቻት ጋር እንደማትሄድ ተሰምቷታልና። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ የለ አባቶች? ካለመጠየቅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ይቀራል።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ደሴም አዲስ አበባም ዐረብ አገርም ያላችሁ፣ ኮሜንት ላይ አንድ ነገር ጻፉልኝ። የምታውቋት መስሏችሁ ጉድ የሠራቻችሁ አጭር የእንግሊዝኛ ቃል የትኛዋ ናት? ከነአረፍተ ነገሯ ጻፏት። ሰብስቤ በየፊደሉ አደራጅቼ ለዘንድሮዎቹ እሰጣቸዋለሁ። በቀጣይ «ጂ»ን ነው የምይዘው፤ ጎ፣ ጌት፣ ጊቭ፣ ጉድ። ታናናሾቻችሁ እንዲያዩት ሼር አድርጉት። ሰላም ዋሉ።